ለቀርከሃ ሥራ ስለት የሚይዘው የትኛው ሰንጢ ነው?

ዘንቢል (እንጅባራ)፦
ሰላም የሙያ ወንድሞች። ቀርከሃ የምንሰነጥቅበትም የምንልግበትም አንድ ሰንጢ ነው፤ ሁለት ሦስት ዘንግ ሳይጨርስ ይዶለዱማል። ጎኑ ላይ «440» ተጽፎበታል፣ የሚሳለው በግራይንደር ነው። አንዱ ዲ2 ከሚባለው ብረት የተሠራ ግዛ ይላል፣ ሌላው ከመኪና ባሌስትራ አሠራ ይላል። የቱ ይሻለኛል?

ሞረድ፦
መጀመሪያ ስለቱን ሽቅብ አዙረህ ፀሐይ ላይ እየው። ስል ከሆነ አያበራም፤ የዶለዶመው ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ጥፍርህን ከጎኑ ወደ ጫፉ ቀስ አድርገህ አንሸራት። በአንድ በኩል ከያዘህ ስለቱ ታጥፏል፦ ብረቱ ለስላሳ ነው ወይም ከልክ በላይ ቀጥኗል። ከተሸራረፈ ብረቱ ደርቋል። ሁለቱም ካልሆነና ልሙጥ ከሆነ ቀርከሃው በልቶታል፤ ልጡ ውስጥ ያለው ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን) ብረት ይፍቃል።

«440» የብረት ዓይነት መለያ ነው፤ ብረቱን የሚያጠነክረው ካርቦን ከአንዱ 440 ወደ ሌላው ስለሚለያይ ብቻውን ብዙ አይነግርህም። 440ኤ ካርቦኑ 0.60–0.75 በመቶ ነው፣ 440ሲ ግን 0.95–1.20። ዲ2 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦንና 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ መፋቁን የሚቋቋሙለት ውስጡ ያሉት ጠንካራ የካርባይድ (ካርቦንና ክሮሚየም የተዋሃዱበት) ቅንጣቶች ናቸው። ለመላግ እሱን እመርጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ከዝገት ነፃ ስላልሆነ ግን እርጥብ ሆኖ አይደር።

ባሌስትራ፦
ለመላግ ልክ ነህ። ለመሰንጠቅ ግን ዲ2 አይሆንም፤ እየጠመዘዝክ ስትፈለቅቅበት ይሸረፋል። ታጣፊ ሰንጢም ማጠፊያው ይላላል። ለመሰንጠቂያ ወፈር ያለ የማይታጠፍ ካራ ከባሌስትራ አሠራ፤ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ስለቱ የዲ2ን ያህል ባይቆይም ጉልበት ይችላል።

ዋናው አጠነካከሩ ነው። ቀጥቃጩ ማግኔት መያዙን እስኪተው (770 ዲግሪ ገደማ) ያግለው፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይንከረው። ውሃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተነከረ በኋላ እንዲሁ ከተተወ ሲወድቅ ይሰበራል፤ ስለዚህ በ200 ዲግሪ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞም እንደገና ሁለት ሰዓት ይቆይ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው።

ጠፍር፦
ግራይንደሩን ለምን አለፋችሁት? የስለቱ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ በደረቅ ድንጋይ ወዲያው ይግላል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ቀለሙ ባይለወጥም ጫፏ ልትለሰልስ ትችላለች። ዘንቢል፣ የጥፍሩ ፍተሻ መታጠፍ ካሳየህ ገንዘብህን ገና አታውጣ።

የለሰለሰውን ጫፍ በእርጥብ መሳያ ድንጋይ፣ በእጅ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ፍቀህ አውጣ። ሰንጢው 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጀርባውን ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ ያዝ፤ በየጎኑ 20 ዲግሪ ይሰጥሃል። ስለቱን በማርከር ቀባው፤ ቀለሙ እስከ ጫፉ ካልለቀቀ ጀርባውን ዝቅ አድርገህ ነው የያዝከው። በ400 ቁጥር ድንጋይ ጀምረህ በ1000 ጨርስ። ወደ ማዶ የተገለበጠችውን ቀጭን ብረት ሳትጫን እያፈራረቅህ አንሳት፣ ከዚያ ጀርባውን አስቀድመህ ጠፍር ላይ ሳብ ሳብ አድርገው። ያቺ ብረት ከቀረች ስለቱ ስል ይመስልና መጀመሪያው ቀርከሃ ላይ ይታጠፋል።

ይህን አድርገህም ልሙጥ ሆኖ ከዶለዶመ ያኔ ዲ2 ግዛ። ግራይንደሩ ላይ ከወሰድከው ግን እሱም ይለሰልሳል።