ጥቆማ፦ ለባሕር ላይ ንፋስ ኃይል ጂኦሳይንስንና ዳታ ሳይንስን የሚያጣምር ድኅረ ምረቃ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ጂኦሎጂ ነው፤ ፓይተን በመጠኑ እችላለሁ። ተርባይን የሚተከልበትን የባሕር ወለል ማጥናት ነው የምፈልገው። የት ላመልክት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጂኦሎጂ ምሩቅ ቅርብ የሚሆነው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ነው። ጂኦ-ኢነርጂን ከማሽን ለርኒንግና ከዳታ ሳይንስ ጋር ያጣመረ የአንድ ዓመት ማስተርስ አለው። ኮድ መጻፍ ይበዛበታል፤ መጨረሻው ላይ የግል ምርምር አለ። ትኩረቱ የከርሰ ምድር ኃይል በጠቅላላው ስለሆነ፣ ርዕስህን ወደ ባሕር ወለል መሳብ ያንተ ፈንታ ነው።

የአውሮፓ የንፋስ ኃይል ማስተርስ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ዴልፍት፣ የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ፣ የኖርዌዩ ኤንቲኤንዩና ኦልደንበርግ በጋራ ይሰጡታል። ጥሩ ነው፤ ግን ሜካኒክስህ ካልጠነከረ አልመክርህም።

ጊዜ ካለህ አይድኮርን እይ። ኤድንብራ፣ ስትራትክላይድና ኤክሰተር ከስኮትላንድ የባሕር ሳይንስ ማኅበር ጋር የሚሰጡት የአራት ዓመት የምሕንድስና ዶክትሬት ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ኩባንያ ውስጥ ያልፋል።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ከማመልከትህ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ ተማሪዎቹን ሞዴል ሲፈትኑ ዳታውን እንዴት እንዲከፍሉ ያስተምሯቸዋል? ሲፒቲን ውሰድ፤ ሹል ኮን ወደ ባሕር ወለል አፈር እየገፉ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ኮኑ በሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ እየተገፋ የጫፍ መቋቋምን፣ የጎን ሰበቃንና የውኃ ግፊትን ይለካል። ንባቡ በየ1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚመዘገብ ጎረቤታሞቹ መንትያ ማለት ናቸው። በዘፈቀደ 80 በ20 (80 በመቶውን ለሥልጠና፣ 20 በመቶውን ለፈተና) ከከፈልከው፣ ለፈተና ካስቀረኸው ንባብ ከላይና ከታች ያሉ መንትዮቹ ሥልጠናው ውስጥ ገብተዋል። ውጤቱ ያምራል፤ አዲስ ቦታ ላይ ሲሞከር ይወድቃል። ስለዚህ ክፍፍሉ በመለኪያ ጣቢያ ይሁን፣ አንድ ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ወይ ሥልጠና ወይ ፈተና ውስጥ ይግባ። ሳይኪት-ለርን በሚባለው የፓይተን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ውስጥ ግሩፕ ኬ-ፎልድ የሚባለው ይህን ይሠራል። ይህን የማያስተምር ፕሮግራም ስሙ የቱንም ያህል ቢገን እኔ አልመርጠውም።

ሦስተኛ መልስ፦ ክፍያ ሳትፈጽም ራስህን መፈተን ትችላለህ። የኔዘርላንድ መንግሥት ድርጅት አርቪኦ የንፋስ ሳይቶቹን የሳይዝሚክና የሲፒቲ ዳታ (ሳይዝሚክ ማለት የድምፅ ሞገድ ወደ ባሕር ወለል ልኮ ከሥሩ ካሉ ንብርብሮች የሚመለሰውን ነጸብራቅ መቅዳት ነው) በነፃ ያወጣል፤ ለብሪታንያ ማሪን ዳታ ኤክስቼንጅ አለ።

የሳይዝሚክ ዳታ የሚቀመጥበትን የሴግ-ዋይ ፋይል ስትከፍት መጀመሪያ የትሬስ ራስጌውን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ያለውን የመረጃ ክፍል እይ። ባይት 71 እና 72 ላይ የመጋጠሚያው (ቦታውን የሚያሳዩት ቁጥሮች) ማባዣ አለ፤ እዚያ −100 ከተጻፈ ቁጥሮቹ ለ100 ይካፈላሉ። ከዘለልከው መስመሩ ካርታው ላይ ከነጭራሹ ሌላ ቦታ ይወድቃል። አምፕሊቲዩዱ ትርጉም የለሽ ከሆነብህ ደግሞ በአይቢኤም አጻጻፍ የተቀመጠውን ቁጥር በአይትሪፕልኢ (ሌላ የኮምፒውተር የቁጥር አጻጻፍ) አንብበኸው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጥልቀት። ሳይዝሚክ የሚለካው ጊዜን ነው። ከወለሉ በታች 50 ሚሊ ሰከንድ የደርሶ መልስ ጊዜ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1,600 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር፣ 1,700 ከሆነ 42.5 ሜትር ይሰጣል። ፍጥነቱን ከመገመት፣ ሲፒቲው የሸክላና የአሸዋን ድንበር ያገኘበትን ጥልቀት በዚያው ጣቢያ ካለው ነጸብራቅ ጋር አገጣጥመህ አውጣው።