የምነካው ሌላ፣ የሚከፈተው ሌላ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከዊንዶውስ ላፕቶፔ ጋር የንክኪ ሞኒተር አገናኘሁ። ሞኒተሩን ስነካ ግን ጠቋሚው ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ይንቀሳቀሳል። ካሊብሬሽን (ንክኪው በትክክለኛው ነጥብ ላይ እንዲያርፍ የሚደረግ ማስተካከያ) 4 ጊዜ ሠራሁ፤ ወይ ፍንክች! ሥዕል የምሥልበት ስለሆነ በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ ወዳጄ፣ ካሊብሬሽኑን ለጊዜው ተወው። ኮምፒውተሩ ንክኪውን ከላፕቶፑ ስክሪን ጋር አያይዞታል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ታብሌት ፒሲ ሴቲንግስ አለ፤ ሴትአፕን ተጫን። ስክሪኑን ንካ የሚለው ጽሑፍ የንክኪው ሞኒተር ላይ ሲወጣ በጣትህ ንካው። ላፕቶፑ ላይ ከወጣ ኢንተር ብለህ እለፈው።

ሌላ መልስ፦ የድሮውን ካሊብሬሽን እዚያው ሪሴት አድርገው። እኔ ይህን ዘልዬ ግማሽ ቀን ለፍቻለሁ።

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ ሠራ! አሁን ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ይስታል።

መልስ፦ ካሊብሬት የምታደርገው አሁን ነው። ሁልጊዜ በምትሥልበት አቀማመጥ ሁን፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን የመስቀል ምልክቶች መሃል በእርጋታ ንካ።