የድሮ ክዳን ተሰብሮ አቧራው ቤት ገባብን፣ አስቤስቶስ ቢሆንስ? (ጅማ)

የአብዲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ስድስት አባወራ ነን። ሐሙስ ማታ ያ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ግቢ ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ተገንድሶ ወደቀና የኛንና የጎረቤቴን ክዳን ደረመሰው። ክዳኑ ቆርቆሮ አይደለም፣ ያ ግራጫ ወፍራም፣ ድሮ ኢተርኒት የሚሉት ነው። በማግስቱ አከራያችን ሁለት የቀን ሠራተኞች አምጥቶ የተሰነጠቀውን በመዶሻ እየሰበሩ ወደ ግቢ ሲወረውሩ ዋሉ፣ እኔ ሥራ ነበርኩ፣ ስመለስ ረከቦቱ ምጣዱ ምኑ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት መስሏል፣ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የ4 ዓመት ልጄ ስባሪውን እንደ ጠመኔ ይዞ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲስልበት ማግኘቴ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ ጆንያ ክር የሳሳ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል። የሥራ ባልደረባዬ አስቤስቶስ የሚሉት ከድንጋይ የሚወጣ ክር ያለበት ሊሆን ይችላል ካንሰር ያመጣል አለችኝ፣ አከራዩ ደግሞ የሲሚንቶ አቧራ ነው ጥረጊው አለኝ። ልጁን ራጅ ላስነሳው? ቤቱን እንልቀቅ? የቀረውን ሊያፈርሱ ሰኞ ይመጣሉ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ እባካችሁ።

ፎርማኑ፦
እህቴ እግዜር ይመስገን ዛፉ ሰው ላይ አልወደቀም። መጀመሪያ፣ እንዳትጠርጊው! ደረቅ መጥረጊያ ያረፈውን አቧራ መልሶ ያስነሳዋል፣ ከአስቤስቶስ የሚበነው ክር ደግሞ ዓይን ከሚያየው በጣም የሳሳ ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ጨርቅ በደንብ አርጥበሽ ወልውዪው፣ ጨርቁን አጥበሽ መልሰሽ አትጠቀሚበት፣ እዛው በወፍራም ፕላስቲክ ቋጥረሽ በሌላ ፕላስቲክ ድገሚው። አስቤስቶስ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም፣ ላብራቶሪ በማይክሮስኮፕ ነው የሚለየው፣ ግን እንዲህ ያለ የድሮ የሲሚንቶ ክዳን ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ስለሚገባበት እስኪረጋገጥ ድረስ እንደሆነ ቁጠሪው። ሰኞ የሚመጡትን ልጆች አናግሪያቸው፣ መዶሻና ግራይንደር አይንካው፣ በውሃ እያረጠቡ ሚስማሩን ነቅለው ሙሉውን ቀስ አድርገው ያውርዱት እንጂ አይወርውሩት። ያ የኮቪድ ጊዜው ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አይረባም፣ ደቃቅ አቧራ የሚያግደው ኤፍኤፍፒ 3 (FFP3) የሚል ማስክ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ አገር ስባሪ አይጣልም፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ላይ ይነጠፋል፣ የዶሮ ቤት ይሠራበታል፣ ይሄንን ግን በፍጹም! ሰው በረገጠው ቁጥር ይፈጫል። አዌቱ ወንዝ ውስጥም አይጣል፣ ተጠቅሎ ሸራ ለብሶ ይቀመጥና ማዘጋጃ ቤት የት እንደሚቀበር ጠይቁ።

ሲስተር፦
የልጁን ነገር ልመልስልሽ የኔ እህት። ራጁ አሁን ምንም አያሳይም። ከአስቤስቶስ የሚመጣው የሳንባ ጠባሳም ካንሰሩም፣ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውም የሳንባ ሽፋን ካንሰር ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ አሁን ራጅ ማስነሳት ልጁን ለጨረር ማጋለጥ ብቻ ነው። በብዛት የሚታመሙት በሥራቸው ለዓመታት የተነፈሱት ናቸው፣ የአንድ ቀን አቧራ አደጋው ትንሽ ነው። ይሄን ያህል ቢገባ አይጎዳም የሚባል መጠን ግን አይታወቅም፣ ለዛ ነው ከዛሬ ጀምሮ መቀነስ ያለበት። ቀኑንና የሆነውን በልጁ የክትባት ካርድ ጀርባ ጻፊው፣ አንድ ቀን ሐኪም ሲጠይቀው ይጠቅመዋል። ወተት ጠጡ አቧራውን ያጥበዋል የሚሉሽን አትስሚ፣ ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ሳንባ አይደርስም። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ያቁም፣ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰሩ ስጋት ከሁለቱም ድምር በላይ ይሆናል።

የመርካቶ ልጅ፦
ኧረ አታስፈራሯት! እኛ እኮ እዛ ክዳን ስር ተወልደን አደግን፣ አያቴ 80 አልፏቸው አሁንም ቡና ይወቅጣሉ።

ፎርማኑ፦
ዕድሜ ይስጣቸው ወንድሜ። ያልተሰበረ ክዳን እኮ ክሩ በሲሚንቶው ታስሮ ስለሚቀመጥ ብዙም አይለቅም፣ ጉዱ ሲሰበርና ሲቆረጥ ነው። ጣሊያን ለምሳሌ አስቤስቶስን በ1992 በፈረንጆቹ በሕግ አግዳዋለች። ደግሞ አያትህ ደህና ስለሆኑ የሷ ልጅ ስባሪ ይጫወትበት ማለት አይደለም።

የአብዲ እናት፦
እናንተን ምን ልበላችሁ። ትናንት ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን አከራዩን ለመንነው፣ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቡና አፍልተን አስቀምጠን የልጁን ነገር ስንነግረው ለሸራና ለፕላስቲኩ ገንዘብ ሰጠን። ከሠራተኞቹ አንዱ እኔም ቤት ልጅ አለኝ፣ ልብሴን ሚስቴ ነች የምታራግፈው አለኝ፣ አሳዘነኝ። አንድ የቀረኝ የልጁ ፍራሽ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ አንሶላ ነበረበት።

ሲስተር፦
አንሶላውን ሳታራግፊ በውሃ እርጭ እርጭ አድርጊበትና ወደ ውስጥ ጠቅልለሽ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺው። አቧራው ስፖንጁ ላይ ከደረሰ ማጠብ አያወጣውም፣ እሱንም ጠቅልላችሁ ከስባሪው ጋር አስቀምጡት፣ ልጁ ለጊዜው ካንቺ ጋር ይተኛ። ለዛ ሠራተኛ ደግሞ ሰኞ የሥራ ልብሱን አርጥቦ እዛው አውልቆ በፌስታል ቋጥሮ እንዲሄድ ንገሪው፣ ሚስቱ እንዳታራግፈው፣ ለብቻው ይታጠብ።