የአሳማ ፍግ ሽታና ዝንብ አስቸገረን፣ ምን ይሻላል?

የቀበናው፦
ሰላም ወገኖች። ከአጎቴ ጋር ቀበና ወንዝ አጠገብ አስር የሚሆኑ አሳማዎች እናረባለን። ጠዋት ጠዋት ወለሉን በውሃ እናጥባለን፤ እጣቢው ግቢው ጥግ ወዳለ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ሽታው ጎረቤቱን አስመርሯል፣ ዝንቡም አይጣል ነው። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ወንዝ እንዳይገባ ሰግቻለሁ። ቦታችን ጠባብ ነው። የሚያውቅ ይምከረን።

ባለጓሮው፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ውሃውን ቀንሱ። ፍጉን በአካፋ አንሱ፣ የቀረችውን ብቻ እጠቡ። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ዘቅዘቅ ካለ ሽንቱ በቦይ ለብቻው ይሄዳል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞንያ የሚበረታው ሽንትና ፍግ ሲቀላቀሉ ነው።
ያነሳችሁትን ወደ ኮምፖስት ለውጡት። የአሳማ ፍግ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ብቻውን ሲከመር ይገማል። ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ በብዛት ቀላቅሉበት። ቀለም የነካው ሰጋቱራ ግን ይቅር። በእጅ ሲጨመቅ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። ክምሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ካነሰ አይሞቅም። ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ መድረስ አለበት። በየሳምንቱ አገላብጡት፣ ዝናብ እንዳይገባው በሸራ ሸፍኑት።

የእንስሳት ሐኪም፦
ፍጉን በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ አንሱ። በሙቀት ጊዜ የዝንብ እንቁላል ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ የሚበር ዝንብ ይሆናል። የአሳማ ወስፋት እንቁላል ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ ያልበሰለ ፍግ ሰላጣ መደብ ላይ አይደረግ።
አደራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም እንዳይገባ! ከፍጉ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም ይሞታል።

እናት ሰፈር፦
ልጄ፣ ስለ ወንዙ መስጋትህ ደስ አሰኝቶኛል። የቀበና ውሃ ወደ አቃቂ ይወርዳል። እዚያ በወንዙ ውሃ አትክልት ይለማል፣ ያው አትክልት ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። ከክረምት በፊት ጉድጓዱን በመኪና አስመጥጡት።

የቀበናው፦
እናቴ፣ እሺ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባዮጋዝስ ያዋጣናል?

ባለጓሮው፦
የአሳማ ፍግ ጥሩ ጋዝ ይሰጣል። ግን ጋዙ ወጣ ማለት ፍጉ አለቀ ማለት አይደለም፤ ቀጭን ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። እሱን የምታጠጡበት ማሳ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። ለጠባብ ግቢ ኮምፖስቱ ይሻላል፤ በጆንያ አድርጋችሁ ለችግኝ ሻጮች መስጠት ትችላላችሁ።