ፀሐይን በጦሳ በኩል ያወጣት ልቦለድ

የሆጤ አንባቢ፦
እሑድ በስብሰባው ላልነበራችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለሰፈራችን የወጣቶች ማንበቢያ ክፍል ካዋጣነው ገንዘብ ግማሹ አልተነካም። ምን ይገዛበት ሲባል ሁለት ጥያቄ ተነሣ። የፍቅርና ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ይግባ ወይስ አይግባ? የታሪክ ልቦለድስ ከገባ የሚቀመጠው ከታሪክ መጻሕፍት ጎን ነው ወይስ ከልቦለዶች ጋር? ሳንስማማ ተበትነናልና እዚህ እንጨርሰው።

እኔ ክረምቱን በቅርብ ጊዜ የታተሙ ልቦለዶችን ሳነብ ነው የከረምኩት፤ የደሴ ዝናብ ሌላ ሥራ አያሠራም። የፍቅሮቹን በሁለት በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ልብ አንጠልጣዮቹ እስከ እኩለ ሌሊት አስመሽተውኝ፣ ሲነጋ የገዳዩን ስም እንኳ ረስቼ ተነሣሁ። ያናደዱኝ የታሪክ ልቦለዶቹ ናቸው። አንዱ ወፍራም መጽሐፍ ባለታሪኳን እዚሁ ደሴ ከቤቷ ደጃፍ አቁሞ ፀሐይን ከጦሳ ተራራ ጀርባ ብቅ ያደርግላታል። ጦሳ ከከተማችን በስተ ምዕራብ ነው! ፀሐይ የምትገባበት እንጂ የምትወጣበት አይደለም። ደሴ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ የነቃ ሰው ይህን አይስትም። እዚያው መጽሐፍ ላይ የወሎው ገዢ ሚካኤል ወደ አድዋ ሲዘምቱ «ንጉሥ» ይባላሉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ ነበሩ፤ የነገሡት በ1906 ዓ.ም. ነው፣ ያውም በልጃቸው በኢያሱ። አሥራ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ዘውድ የጫነ ደራሲ የእልፍኙን ሹክሹክታ ሲነግረኝ እንዴት ልመነው?

ድምፄ፦ ሁሉም ይገዛ፤ የታሪክ ልቦለድ ግን ከልቦለዶች ጋር ይቀመጥ።

መምህር፣ ከሐይቅ፦
እኔ ጭራሽ አይገዛ ባይ ነኝ። ተማሪዎቼን ስለ ሰገሌ ጦርነት አንድ ገጽ ጻፉ አልኳቸው። የኢያሱን ከሥልጣን መውረድ፣ የወሎንና የሸዋን ጦር፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.ን ነበር የምጠብቀው። አንዱ ጎበዝ ተማሪ ንጉሥ ሚካኤል በዋዜማው ሌሊት ድንኳናቸው ውስጥ ለአንዲት ሴት የተናገሩትን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ አመጣልኝ። «ከየት አገኘኸው?» ብለው «ከታሪክ መጽሐፍ» አለኝ። አምጣው ብዬ አየሁት፤ ልቦለድ ነው። ልጁ አልዋሸም። ሽፋኑ ላይ የእውነተኛ ሰው ፎቶግራፍ አለ፤ ጀርባው ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ ተጽፏል። «የተመሠረተ» የምትለው ቃል ስንት ጭነት እንደተሸከመች እዩልኝ፤ የገበያ አህያ እንኳ ይህን ያህል አትጫንም።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጁ ያንን ልቦለድ ባያነብ ሰገሌ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ የተማርኩበት መጽሐፍ መቅደላን በአንድ አንቀጽ ነው ያለፋት፤ ገደሉን ያሳየኝ ልቦለድ ነው። ደግሞስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ሁለቱ ቃላት ከጥንት ጀምሮ በአንድ ጋቢ ውስጥ ናቸው፤ ዛሬ ማን ሊለያያቸው ነው?

የሆጤ አንባቢ፦
ጥሩ ብለሃል፤ ነገር ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በታሪክ ስሙ የሚታወቅ ንጉሥ አላስገቡም። ሰዎቹን ፈጠሩ፤ አንባቢም ፈጠራ መሆኑን አውቆ አነበበ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም እንዲሁ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በጎጃም ምድር ላይ አልነበሩም፤ ባላባቱ ገበሬውን እንዴት ያስገብረው እንደነበር ግን እኔ ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ተምሬአለሁ። አባቴ ማንበብ ሳይችል በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶ በቃሉ ይተርክልን ነበር። የተፈጠረ ሰው፣ እውነተኛ ዘመን። የዛሬዎቹ የገለበጡት ይህን ነው፤ ሰውየው እውነተኛ፣ ዘመኑ የተፈጠረ።

ሹፌሩ፦
ስለ ነገሥታቱ እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ ስለ ልብ አንጠልጣዩ ልናገር። ባለፈው ወር ያነበብኩት ላይ ጀግናው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተባረረ ሐረጎን በ120 ይወጣዋል። ሐረጎን! ያ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ያወጣል፤ መታጠፊያው ደግሞ እንደ እንዝርት ያዞራል። ባዶ መኪና እንኳ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ጀግናው ግን በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ሽጉጥ። ማርሹን በምኑ እንደሚለውጥ ደራሲው አልነገረንም። ከላይ አንድ የጫነ ኢሱዙ ፍሬን ይዞ ቢመጣ ኖሮ መጽሐፉ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አልቆልን ነበር።

እንዲህም ሆኖ ይግባ እላለሁ። እኔ ንባብ የጀመርኩት መናኸሪያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ነው። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ሲያልቅ በር ይንኳኳል፤ ማን አንኳኳ ሳልል መኪናዬን አላስነሣም። ወፍራሙን የታሪክ መጽሐፍ ብትሰጡኝ ኖሮ ትራስ አደርገው ነበር።

የኮምቦልቻዋ፦
ሳቄን አመጣኸው፣ ወንድም ጋሼ። የእኔን ቅሬታ ስሙ። በቅርቡ የወጡ ስድስት የፍቅር ልቦለዶችን አንብቤአለሁ፤ በአራቱ ውስጥ የወሎ ሴት አለች። አራቱም ዓይናቸው ትልልቅ ነው። አራቱም ረከቦት ፊት ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። አንዷም ሥራ የላትም! እኔ በፈረቃ የምሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የምትወጣ ሴት ዓይን ምን እንደሚመስል ማንም አልጻፈልኝም።

ሁለተኛው፣ ሙስሊሟ ልጅና ክርስቲያኑ ልጅ። አባት ሽጉጥ መዝዞ ይወጣል፤ እናት መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ልጆቹ ሌሊት ይጠፋሉ። ይህን የጻፈው ሰው ወሎ መጥቶ ያውቃል? አባቴ ሙስሊም ነው፣ የእናቴ ወንድም ቄስ ነው። የእኅቴ ሰርግ ላይ ሁለት በሬ ነው የተጣለው፤ አንዱን አጎቴ ባረከው፣ አንዱን የአባቴ ጎረቤት ቢስሚላህ ብሎ አረደው፤ ሁለቱ ድስቶች እንዳይነካኩ ጭልፋው እንኳ የተለያየ ነበር። ክርክር አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ። የመጀመሪያው ልጅ ስም ማን ይባል በሚለው ላይ ሁለት ወር ተጨቃጨቁ። ያንን ጭቅጭቅ የሚጽፍልኝ ደራሲ ባገኝ የወር ደሞዜን እሰጠዋለሁ።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
እኅቴ፣ የአንቺ ቤት እንዲህ ስለሆነ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ማለት ግን ይከብዳል። እኔ በማውቀው ቤት ልጅቱ ሃይማኖቷን ቀይራ ነው ያገባችው፤ እናቷ ሦስት ዓመት አላነጋገረቻትም። ሽጉጥ አልወጣም፤ ዝምታው ግን ከሽጉጥ ይብስ ነበር። «የወሎ ሰው ተቻችሎ ኗሪ ነው» እያልን ደራሲው ይህን እንዳይነካ ብናደርገው እኛም ሌላ ልቦለድ ጻፍን ማለት ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
ይህስ እውነት ነው። አልክድም። ዝምታውን ይጻፈዋ! ሽጉጡን ነው የጠላሁት።

አባ ወራው፣ ከወረኢሉ፦
ልጆቼ፣ ኑሩልኝ። ዓይኔ ደክሞ የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ፤ የምናገረውንም እሷ ትጽፋለች። እኔን የሚያስቆጣኝ የጦሳ ፀሐይ አይደለችም። ቴዎድሮስን የሚያነሣ ልቦለድ ሁሉ ሚያዝያ 6 ቀን 1860ን ይዞ ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ፤ ሽጉጡን ሲጠጣ አንጀት ይበላል። ነገር ግን መቅደላ የወሎ አምባ ናት፤ ወሎ በቴዎድሮስ ዘመቻ ያየውን አበሳ የሚያነሣው የለም። የወሎዋን ገዢ ወርቂትንስ ማን ያስታውሳታል? ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሲሄዱ ተቀብላ ወደ ሸዋ ያሳለፈቻቸው እሷ ናት። ልጇ ግን አምባው ላይ በንጉሡ እጅ ነበረ፤ በዚሁ ጦስ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተገደለ። የራሷ ልጅ በእስር እያለ የሰው ልጅ በሯ ላይ ቆመ! ይህን የመሰለ ነገር መሬት ላይ ወድቆ እያለ ደራሲዎቹ አንዲት የእልፍኝ አሽከር ፈጥረው ከንጉሡ ጋር ያፋቅሯታል። መዋሸታቸውንስ እሺ፤ ትልቁን ነገር ረግጠው አልፈው መዋሸታቸው ነው የሚከነክነኝ።

መምህር፣ ከሐይቅ፦
አባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር የወርቂትን ነገር ሳስተምር በሁለት ዐረፍተ ነገር ነው የማልፈው። ልጇ መገደሉን እነግራቸዋለሁ፤ ያንን ወሬ በሰማች ሌሊት ምን አደረገች፣ ማንን ረገመች፣ እንግዳዋን በየትኛው ዓይኗ አየችው የሚለውን ግን የታሪክ መምህር ሊናገር አይችልም።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
መምህር፣ እሱን የሚናገረው ማን ነው ታዲያ?

መምህር፣ ከሐይቅ፦
ገባኝ፤ ያዝከኝ። ይሁን፣ ልቦለድ ይናገረው። ግን የዚያች ሌሊት ንግግር ከየት እንደመጣ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ይጻፍልኝ፤ ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ይህ የተመዘገበ ነው ይበለኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ለአሳታሚ ምን ያህል ይከብዳል? እስከዚያው ድረስ ከታሪክ መደርደሪያ አጠገብ እንዳይደርስ።

መጽሐፍ አዟሪው፦
እኔ ከአራዳ እስከ ሸዋ በር በክንዴ ተሸክሜ የምዞር ሰው ነኝ፤ መደርደሪያዬ ክንዴ ነው። ስለዚህ ይህ የመደርደሪያ ክርክር ትንሽ ያስቀኛል። «ኦሮማይ»ን የት ልታስቀምጡት ነው? ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አለበት፤ ታሪክ ነው። ሰላይ አለበት፤ ልብ አንጠልጣይ ነው። ፊያሜታ አለችበት፤ ፍቅር ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ግርማም በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ የነበሩ ሹማምንት ልቦለድ ነው ብለው አላለፉትም።

የገበያውንም ልንገራችሁ። ገዢው መጽሐፉን ገልብጦ ጀርባውን ያነባል። «እውነተኛ ታሪክ» የሚለውን ካየ እጁ ወደ ኪሱ ይገባል፤ «ልቦለድ» ብቻ የሚለውን መልሶ ያስቀምጣል። ደራሲዎቹም ይህን አውቀዋል። ጥፋቱን ለእነሱ ብቻ አትስጡ። የፍቅር መጽሐፍ የሚገዛኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ «ለእኅቴ ነው» ይለኛል። በሳምንቱ ተመልሶ ክፍል ሁለት ወጣ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ራሱ ነው።

ሹፌሩ፦
እኔን ነው እንዴ የምትለው?

የሆጤ አንባቢ፦
በመምህር ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሳታሚውን ከምንጠብቅ እኛው እንሥራው። ከመጽሐፉ የመጨረሻ ልባስ ላይ ነጭ ወረቀት እንለጥፍ፤ ያነበበ ሰው ያገኘውን ስሕተት ከነገጹ ይጻፍበት። «ጦሳ በምዕራብ ነው።» «በአድዋ ጊዜ ራስ እንጂ ንጉሥ አልነበሩም።» «ሐረጎ በ120 አይወጣም።» ልጆቹ ስሕተት ለማደን ሲሉ ብቻ እንኳ መጽሐፉን ይጨርሱታል።

መምህር፣ ከሐይቅ፦
ወረቀቱን ደግፌአለሁ። ከታሪክ ጎን ይቀመጥ የሚል ካለ ግን አሁንም እቃወማለሁ፤ እሑድም እቃወማለሁ።

አባ ወራው፣ ከወረኢሉ፦
የወርቂትን ነገር የሚጽፍ ከተገኘ እኔ ሳልሞት ይፍጠን። የልጅ ልጄ «እኔ እጽፈዋለሁ» እያለች ነው፤ ይህን ደግሞ አትጻፊው ብያት ጻፈችው።

የኮምቦልቻዋ፦
ጻፊው፣ የእኔ እኅት! ዓይኗን ብቻ ትልቅ እንዳታደርጊባት።

መጽሐፍ አዟሪው፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ቆሎ ስገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የፍቅር ልቦለድ ገጽ ነበር፤ ገጽ 143። ሰውየው ከስምንት ዓመት በኋላ ሐይቅ ዳር አግኝቷት «ቀለበቱን አሁንም ይዘሽዋል?» ይላታል፤ እሷ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ስታወጣ ገጹ ያልቃል። ቆሎ ሻጯን የቀረውን ስጪኝ ብላት በሌላው ስኳር ጠቅልላ ሸጣዋለች። ባለታሪኳ የልብስ ስፌት መኪና አላት፤ የምትሠራ ሴት ናት! መጽሐፉን ያውቁታል?

መጽሐፍ አዟሪው፦
አውቀዋለሁ፤ አንድ ፍሬ ቀርቶኛል። እጇ ላይ ምን እንዳለ ልንገርዎት?

የኮምቦልቻዋ፦
እንዳይነግሩኝ! ስንት ነው?

መጽሐፍ አዟሪው፦
450 ብር።

የኮምቦልቻዋ፦
143ኛው ገጽ እኔ ዘንድ አለ፤ እሱን ቀንሰው ይሽጡልኝ። ቅዳሜ ከፈረቃ ስወጣ እመጣለሁ፤ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።