አስቸኳይ! የኦፓል ቀለበቴ ውኃ ነክቶት መስታወት ሆነ፣ ፎርጅድ ነው?

ሙሽሪት፦ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። ቅዳሜ ቀለበት ነው። ትናንት የጠላ ጋን ሳጥብ ማውለቅ ረሳሁ። ያ አረንጓዴና ቀይ የሚረጨው ድንጋይ አሁን ብርጭቆ መስሏል፣ የብሩ መቀመጫ ከሥሩ ይታያል። ሻጩ «የወሎ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ የተሠራ ነው አይደል? ዛሬውኑ ሄጄ አንቀዋለሁ።

ቀልደኛው፦ ጥንስስ ቀምሶ ሞቅ ብሎት ነው፣ ይተኛበት።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። ላብ የተሠራ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ላብ ያደገ ሩቢ በኬሚካል ከተፈጥሮው ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ናቸው። ፈረንሳዊው ቨርኖይ ዱቄቱን በእሳት አቅልጦ መሥራቱን ያሳወቀው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ፎርጅድ የሚባለው ቀይ መስታወት «ሩቢ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ሙሽሪት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የእኔ ሩቢ አይደለም!

ሚሚ፦ በፀጉር ማድረቂያ ሞክሪው።

አቤል፦ ፀጉር ማድረቂያ ቆንጆ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

የደላንታ ልጅ፦ ኧረ እንዳታደርጊው! በሙቀት ይሰነጠቃል። ሰውዬውንም ተይው። የወሎው፣ የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል። በ2000 ዓ.ም. ከተገኘ ጀምሮ በዚሁ ጠባዩ ይታወቃል። ውስጡ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ነው፣ ደረቅ ሲሆን ምላስ ላይ ይጣበቃል። ውኃ ሲሞላው ጥርት ይልና ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ጥላ ላይ በጨርቅ አስቀምጪው፣ ፀሐይም አታሳዪው። አንዳንዱ በቀን፣ አንዳንዱ በሳምንት ነው የሚደርቀው። ጋኑን ያጠብሽው በግራዋ ነው? ጭማቂው ከገባበት ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል።

ወርቅ ሠሪው፦ ልጁ ልክ ነው፣ ግን ውኃ መጠጣቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ላብ የተሠራም ውኃ የሚጠጣ አለ። ሲደርቅ በአሥር እጥፍ ማጉያ እዪው። ላብ የተሠራው ቀለሙ ከላይ ሲያዩት እንደ እንሽላሊት ቆዳ የተከፋፈለ ነው፣ ከጎን ደግሞ ምሰሶ ምሰሶ ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ የወገል ጤናውም አንዳንዴ ጣት ጣት የሚመስል ነገር አለው። በእኛው በጣቶቹ መሃል ቀለም የማይረጭ ተራ ኦፓል ይሞላዋል። ካልለየልሽ ማጉያ ላለው ሰው አሳዪ።

ቲቲ፦ ለቀለበት ኦፓል ምን አስመረጠሽ? አልማዝ ብትይ ጋንም ታጥቢበት ነበር።

ሙሽሪት፦ አልማዙን አንቺ ግዢልኝ እንግዲህ። ግራዋ ነበር፣ አዎ። ጥላ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ጠርዙ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። ጥሩ ነው መጥፎ?

የደላንታ ልጅ፦ ጥሩ ነው። ሲደርቅ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀለሙ ከዚያ ይከተላል። አትነካኪው።

ቀልደኛው፦ ሙሽሪት፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ። ተመለሰ ወይስ ሰውዬውን አነቅሽው?