የዓለት ዋላቢ በጠጥ ወይስ የፍየል? በምን ይለያል?

ገደል ተመልካች፦
ሰላም ወገኖች። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ አንድ ገደል ላይ ጭራ ጎፈሬው የዓለት ዋላቢ (ገደል ላይ የሚኖር ትንሽ የካንጋሮ ዘመድ) ዛሬም መኖሩን ለማጣራት ቅኝት እየተዘጋጀ ነው። ዋሻዎቹ በበጠጥ ተሞልተዋል፤ የዱር ፍየልም ግን ይውልባቸዋል። የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳው ካሜራስ የት ይተከል?

የቋጥኝ ልጅ፦
ቅርጹን እይ። የዋላቢው ሞላላ ነው፤ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ጫፉ ሾል ይላል። የፍየሉ አጠር ያለ፣ ድቡልቡልና ልሙጥ ነው፤ አንድ ቦታ ተከምሮ ይገኛል። አንዲት ፍሬ አይተህ ግን አትወስን፤ የትንሽ ዋላቢ ከፍየል ጋር ይምታታል። ከአንድ ቦታ አሥር ያህል ሰብስበህ አስተያይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕድሜው ላይ ነው። ጣሪያ ያለው ዋሻ ዝናብ ስለማይገባው፣ ዋላቢዎቹ ካለቁ በኋላም በጠጣቸው ለዓመታት ሳይፈርስ ይቆያል። ትኩሱ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ የቆየው ግራጫና ቀላል ነው። ጥርጣሬ እንዳይኖር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ቦታዎች ምልክት አድርገህ ጥርግ አድርጋቸው፣ በ30 ቀን ተመለስ። ያኔ የምትቆጥረው ሁሉ የዚያ ወር ነው።

ለዲኤንኤ ምርመራ ትኩሱን ብቻ በጓንት አንሳ፤ በወረቀት ፖስታ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጥ። ፌስታል ውስጥ እርጥበት ይታፈናል፣ ይሻግታል፤ ላዩ ላይ ያሉት የአንጀት ህዋሶችም ይበላሻሉ።

ሰሜን ፊት፦
ካሜራውን በተወለወለው ዓለት አጠገብ ትከል። ትውልድ ከትውልድ የተመላለሱበት መስመር በእግራቸው ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል፤ ልስላሴው ግን ዋላቢዎቹ ካለቁ በኋላም ስለሚቆይ፣ እሱ ብቻውን ዛሬ ለመኖራቸው ማረጋገጫ አይሆንም። ክረምት ላይ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁባቸው ወደ ሰሜን የዞሩ እርከኖችም ጥሩ ናቸው።

ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ሌንሱ ወደ ደቡብ ይዙር፣ እዚያ ፀሐይ የምትዞረው በሰሜን በኩል ነውና። እንስሳው ወደ ካሜራው ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጉ። የካሜራው ዳሳሽ የሚነቃው በሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ ቀን የጋለ ዓለት ፊት ዋላቢ ቢያልፍም ላያነሳው ይችላል፤ ስለዚህ ጥላ ያለበትን ምረጡ። ከሦስት ሳምንት በፊት አታንሱት።

ገደል ተመልካች፦
አመሰግናለሁ። ካሜራው ትልልቆቹን ዋላቢዎች ብቻ ቢያሳይስ?

የቋጥኝ ልጅ፦
ያ ክፉ ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ቀበሮን ጠርጥር። ግልገሉ ከከረጢት የሚወጣው በስድስት ወሩ ገደማ ነው። እንደ ሜዳ ካንጋሮ ግልገል እናቱን ተከትሎ አይግጥም፤ ዓለት ሥር ደብቃው ትሄዳለች። ቀበሮና ድመት የሚያገኙት ያኔ ነው። ትልልቆቹ ስለሚታዩ መንጋው ደህና ይመስላል፣ ተተኪ ግን የለውም።

በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ አካባቢ በ1980ዎቹ ቀበሮ በተቀነሰባቸው ዓለቶች ላይ ሌላው የዓለት ዋላቢ ዝርያ የጥቁር እግሩ ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል። ቀበሮ የሚቀነሰው 1080 የተባለው መርዝ ባለበት ሥጋ ነው፤ ሌሎች እንስሳት እንዳያነሱት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። ሥልጠናና ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ይሥራው፤ ውሻ ከበላው ማርከሻ የለውም። አንድ ዙር ሠርቶ ማቆም ከንቱ ድካም ነው፤ የዙሪያው ቀበሮ ክፍተቱን ወዲያው ይሞላል።

ፍየሎቹም ይነሱ። ጥልቁን ዋሻ እነሱ ከያዙት ዋላቢው ወደ ተጋለጠው ጠርዝ ይገፋል።